መግሪብ አዲጋላ ላይ ለሚይዘው መንገደኛ

ከድሬዳዋ በ10 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ወደ ደወሌ የሚወርድ ጾመኛ መግሪብ የሚይዘው አዲጋላ አካባቢ ነው። ሹፌሩ ከቸኮለ ትንሽ አልፎ፣ ከዘገየ ትንሽ ሳይደርስ። አዲጋላ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ገደማ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የድሮው ባቡር አልፎባታል፤ አዲሱም ያልፍባታል፤ የክፍያ መንገዱም እንዲሁ። መንገደኛ ሁሉ የሚያውቃት፣ ግን ማንም "እዚያ አድራለሁ" ብሎ የማይነሳባት ዓይነት ቦታ ናት።

ዛሬ ልናነሳው የወደድነው ጉዳይ ከዚህች ከተማ ይነሳል እንጂ በእርሷ አያበቃም። በክፍያ መንገድ፣ በባቡርና በአውሮፕላን ለሚጓዝ ሰው ምግብና ውሃ፣ ሻይና ጣፋጭ ማን ይሽጥለት? በምን ዋጋ? በምን ሰዓት? በሌላው ወር ይህ የንግድ ጥያቄ ነው። በረመዳን ግን ከጾማችንና ከሶላታችን ጋር ይገናኛል፤ አንዳንዴም ከሕይወታችን ጋር።

የዛሬ ዓመት በረመዳን በሚኒባስ ወደዚያው አቅጣጫ ስንጓዝ በመኪናው ውስጥ ሁለት ሕፃናትና አንዲት ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ የቀረነው ጾመኞች ነን። ሽኒሌን ካለፍን በኋላ ሹፌራችን ሰዓቱን ደጋግሞ ማየት ጀመረ። ፀሐይዋ ወደ ኮረብታዎቹ ባዘነበለች ቁጥር እግሩ ነዳጁ ላይ ይከብዳል። "አይሻ ዘመድ አለኝ፤ እዚያ ደርሰን እናፈጥራለን" አለ። አይሻ ገና ሩቅ ነው። ግመሎች መንገዱን ለማቋረጥ ዳር ዳሩን ቆመዋል፤ ከፊት ለፊታችን ተሳቢዎች ይመጣሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ታገሡ፣ ታገሡና "ልጄ፣ አላህ ለመንገደኛ ያቀለለውን አንተ ለምን ታከብደዋለህ? እኛ ቴምር ይዘናል፤ አዲጋላ ላይ ቁምልን" አሉት። ቆመ።

የቆምንበት ቦታ ላይ አንዲት እናት ከሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ከፊታቸው አንድ ቢጫ ጀሪካን የግመል ወተት፣ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ሙሉ ሳምቡሳና አንድ ትልቅ ፔርሙዝ አለ። ሹፌሩ በሶማሊኛ "ኤዶ፣ ስንት ነው?" ሲላቸው "መጀመሪያ አፍጥሩ ወላሌ፤ ሒሳቡ የት ይሄዳል" አሉ። አፈጠርን። ዋጋው ከረመዳን በፊት ከምናውቀው አንዲት ብር አልጨመረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እኛን ይህን እንድንጽፍ ያደረገን። ለውዱእ የሚሆን ውሃ አልነበረም፤ የሚጠጣውን ቆጥበን ተቋደስን። መግሪብን የሰገድነው ከአስፋልቱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለን፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው በላያችን እየበነነ ነው። ነፍሰ ጡሯ እህታችን መጸዳጃ ቤት ፈልጋ ቁጥቋጦ አሳየናት። እኚያ እናት ደግሞ ሲጨልም ሸራቸውን አጥፈው ወደ ቤት ገቡ፤ መብራት የለማ! ከኋላችን የመጡት ሁለት መኪኖች ሲቆሙ ወተቱም ሻዩም የለም። አይተው ሄዱ።

ይህ መንገድ ለመንገደኛ ሆድ ማሰብ ዛሬ የጀመረው አይደለም። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። በቀደመው ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም፤ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ሦስት ቀን ይጓዛል። ስለዚህ ጣቢያ ማለት ምግብም ማለት ነበር። "ለገሃር" የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ እንደ መጣ ሁሉ "ቡፌ" የሚለውም አብሮ በባቡር መጣ። አዲስ አበባ ለገሃር አጠገብ ያለው ቡፌ ዴ ላ ጋር የጣቢያው ምግብ ቤት ማለት ነው። የአዋሹ ቡፌም በዘመኑ ስሙ የታወቀ ነበር። የባቡሩ ባለቤቶች ብዙ ጥፋት ይቆጠርባቸው ይሆናል፤ ተሳፋሪ እንደሚርበው ግን ያውቁ ነበር።

ነገር ግን ቡፌው ለሁሉም አልነበረም። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ያለበት፣ ወይን የሚቀርብበት ቤት የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ቤት ነው። በሦስተኛ ማዕረግ የተጫነው አባታችንና እናታችን ስንቃቸውን ከቤት ቋጥረው ይወጣሉ፤ ያለቀባቸውን ደግሞ በመስኮት ይገዛሉ። የእነርሱ ቡፌ በየጣቢያው ባቡሩ ሲያፏጭ ሰምተው የሚሮጡት ሴቶች ነበሩ። ኤረር ላይ ብርቱካን፣ ከዚያ ወዲህ ወተት፣ ቅቤ፣ የተቀቀለ እንቁላል። የአዲጋላና የአይሻ የግመል ወተት በዚያው ባቡር ተጭኖ ወደ ድሬዳዋም ወደ ጅቡቲም ይወርድ ነበር። በእንጨት ጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ እንዴት ያለ ሽታ እንዳለው ያንን ባቡር የተሳፈረ ሁሉ አይረሳውም። ይህ ዕጣን ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሙቀት ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዳ የቆየ ጥበብ ነው። ያ ባቡር እየተዳከመ መጥቶ ሲቆም የእነዚያ ሴቶች ገበያም አብሮ ቆመ። በወቅቱ ስለ ሐዲዱና ስለ ሠራተኞቹ ብዙ ተጽፏል። ስለ ወተት ሻጮቹ የጻፈ አላየንም።

አሁን አዲስ ባቡር አለ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሦስት ቀኑን መንገድ ወደ ግማሽ ቀን አውርዶታል። ይህን ማን ይጠላል? ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ቲኬት ያልያዘ ሰው ወደ መድረኩ አይዘልቅም። ለደኅንነት ሲባል መሆኑ ይገባናል። ውጤቱ ግን ከባቡሩ ጋር ይሮጡ የነበሩት እናቶች ከአጥሩ ውጭ መቅረታቸው ነው። ወደ 220 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የድሬዳዋ ደወሌ የክፍያ መንገድም የራሱ አመል አለው። የክፍያ መንገድ የተሠራው ለፍጥነት ነው። ፍጥነት ደግሞ ጉልት ሻጭን አይወድም፤ በ80 እና በ100 የሚነዳ ሹፌር ጥላ ሥር የተቀመጠችን ሴት ሳያያት ያልፋል።

የመንገድ ዳር ንግድ በአገራችን የራሱ ካርታ አለው። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚሄድ ሰው ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ሳይገዛ አያልፍም። ወደ ዝዋይ የወረደ ዓሣውን፣ ወደ መቂ የሄደ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ይዞ ይመለሳል። ማንም በማስታወቂያ አልነገረንም፤ መንገዱ ራሱ አስተማረን። የአዲጋላ ዕቃ ደግሞ የግመል ወተት ነው። ከሐረርና ከድሬዳዋ የሚመጣው ሙሽበክና ሐልዋ፣ ከጅቡቲ ወገን የሚገባው ቴምርና ብስኩት፣ ከገጠሩ የሚመጣው ወተትና ሙቅማድ የሚገናኙበት መስመር ነው። ለማታውቁት፣ ሙቅማድ ሥጋን በቀጭኑ ከትፎ አድርቆና ጠብሶ በቅቤ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ሳይበላሽ ብዙ ይቆያል። ዘላኑ ለረጅም መንገድ የሠራው ስንቅ ነው። ለሱሁር ከእርሱ የተሻለ የመንገድ ምግብ አናውቅም። እስካሁን በንጹሕ ማሰሮ ታሽጎ በአንድ የመንገድ ሱቅ ወይም አየር ማረፊያ ሲሸጥ አለማየታችን ያስገርመናል። በአየር ማረፊያ የሚሸጠው ቸኮሌት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ የሐረር ሐልዋ ከአጠገቡ ቢቀመጥ ምን ይጎድለዋል?

የመንገደኛ ምግብ ብዙ ጊዜ ውድም መጥፎም የሚሆንበት ምክንያት አለው። የሰፈራችን ሱቅ ባለቤት ካታለለን ነገ ሌላ ሱቅ እንሄዳለን፤ እርሱም ያውቀዋል። የመንገድ ዳር ነጋዴ ግን "ይህ ሰው ተመልሶ አይመጣም" ብሎ ያስባል። መንገደኛውም አማራጭ የለውም፤ የሚቀጥለው ሱቅ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አየር ማረፊያ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ከፍተሻው ካለፉ በኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ መግዛት አይቻልም፤ የቦታው ኪራይም ከባድ ስለሆነ ነጋዴው በሻዩ ዋጋ ላይ ይጭነዋል። እኛ በአንድ አየር ማረፊያ ለማፍጠር አንድ ውሃ የገዛንበትን ዋጋ ብንጽፈው አንባቢ የማተሚያ ስህተት ነው ይለናል። አስተናጋጁ ወጣት ራሱ ጾመኛ ነበር፤ ዋጋውን ሲነግረን ወደ መሬት ያይ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ለመናገር ያህል ነው።

ታዲያ ለሙስሊም ነጋዴ "ተመልሶ አይመጣም" የሚለው ሒሳብ አይሠራም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ስላገኙት ሰው የሚነገረውን ሁላችንም በመድረሳ ሰምተነዋል። የተደበቀው እርጥበት ለሚመለስ ደንበኛም ለማይመለስም ያው ነው። ደግሞም ነገሩ በስሌትም ስህተት ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ተመልሶ በዚያው ያልፋል። ሹፌሮች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የትኛው ቤት ሾርባውን በውሃ እንደሚያበዛ፣ የትኛዋ እናት ወተቷን እንደማትቀላቅል ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያውቁታል። አዲጋላ ላይ ያገኘናቸው እናት በረመዳን ዋጋ ያልጨመሩት የዋህ ስለሆኑ ብቻ አይመስለንም። ንግድ ያውቃሉ።

ወደ ጎረቤት እንመልከት። በሱዳን፣ ከካርቱም ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ የገዚራ ገበሬዎች በረመዳን መግሪብ ሲቃረብ ምንጣፋቸውን መንገድ ዳር ያነጥፋሉ፤ ከዚያ ጥምጥማቸውን ፈትተው በመንገዱ ላይ ይዘረጉና አውቶቡሱን ያስቆሙታል። አላፊው ሁሉ ወርዶ ሳያፈጥር አይለቁትም። "ቸኩያለሁ" ማለት አይሠራም። ይህን ያየ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በረመዳን መጨረሻ የተነሳው ጦርነት ያንን መንገድና እነዚያን መንደሮች እንዴት እንዳደረጋቸው ስናስብ ልባችን ይደማል፤ ብዙዎቹ አስተናጋጆች ራሳቸው ተፈናቃይ ሆነው በሌላ ሰው ምንጣፍ ላይ አፍጥረዋል። በማሌዥያ ደግሞ ነገሩ በሥርዓት ነው። በትላልቆቹ የክፍያ መንገዶች ላይ በየተወሰነው ርቀት ማረፊያ አለ፤ መስገጃው፣ መጸዳጃውና ውሃው የግድ ነው፤ ምግቡን የሚሸጡት በተደረደሩ ትናንሽ ሱቆች ያሉ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። አንዱ በፍቅር፣ ሌላው በዕቅድ። የእኛው መንገድ የሱዳኑ ዓይነት ልብ አለው፤ የማሌዥያው ዓይነት ቧንቧ ነው ያጣው።

"የክፍያ መንገድ ዳር ንግድ መፍቀድ አደጋ መጋበዝ ነው" የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ሕፃን ልጅ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ወደ ከባድ መኪና ሲሮጥ አይተን ዓይናችንን ጨፍነናል። ለዚህ ነው "ሻጮችን ወደ አስፋልቱ አምጡ" የማንለው። ከአስፋልቱ ራቅ ያለ፣ መኪና ገብቶ የሚወጣበት፣ ጥላና ቧንቧ፣ መጸዳጃና አንድ የጸሐይ መብራት ያለው ሜዳ ይከለልላቸው ነው የምንለው። ከመስገጃው የሴቶቹ ቦታ እንዳይረሳ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። "ይህን ትልቅ ኩባንያ ቢሠራው ንጹሕ ይሆናል" የሚሉም አሉ። ትልቅ ኩባንያ ይምጣ፤ ነዳጅ ማደያውን፣ ትልቁን ምግብ ቤት፣ ሱፐርማርኬቱን ይሥራ፤ አንከለክልም። ነገር ግን በሩ ላይ ለአዲጋላ ሴቶች አሥርና አሥራ አምስት ትናንሽ ቦታ በትንሽ ኪራይ ሳይለይላቸው ውል እንዳይፈረም። ባቡሩ ሲለወጥ ከአጥር ውጭ የቀሩት እነርሱ ናቸው፤ መንገዱ ሲያድግ ደግሞ ሁለተኛ አይቅሩ።

ስለ ንጽሕና ከተነሳ አንድ ነገር ለራሳችንም እንናገር። ወተቱ በዕጣን መታጠኑ ጥሩ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙው የሚመጣው በፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ የጀሪካን ውስጥ ደግሞ እንደ ድሮው ዕቃ ተፍቆ አይታጠብም፣ እንደ ልብም አይታጠንም። ያልፈላ ወተት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን። "የግመል ወተት ሲፈላ ኃይሉ ይሞታል" የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን፤ ሽማግሌዎቻችንን አክብረን አንስማማም። አንድ ማፍያና አንድ ማቀዝቀዣ ያለው ትንሽ የወተት ቤት ለእነዚያ እናቶች ቢቋቋም ሻጩም ጠጪውም ይጠቀማል። ይህ የሚሊዮኖች ፕሮጀክት አይደለም። በከተማ ያለን ሰደቃችንን ወዴት እንላክ ብለን በየዓመቱ እንጠያየቃለን፤ መንገደኛ ከዘካ ተቀባዮች ስምንት ክፍሎች አንዱ መሆኑን ደግሞ እናውቃለን። ስለ ዘካው አፈጻጸም ፍርዱን ለዑለማዎቻችን ትተን፣ ስለ ሰደቃው ግን ቧንቧና ጥላ ጥሩ ቦታ ይመስለናል። ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል ምንዳ አለው ተብለናል፤ በአዲጋላ ቧንቧ ስንት ሰው በአንድ ረመዳን እንደሚያፈጥር አላህ ነው የሚያውቀው።

አሁን ደግሞ ወደማይመች ነገር እንግባ። በእነዚህ ከተሞች በረመዳን ቀን ላይ ምግብ ቤት ይዘጋል። ለጾሙ ክብር ነው፤ እኛም ያደግንበት ነው፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ ጾመኛ አይደለም። ክርስቲያን ሹፌር አለ፤ ሕፃን አለ፤ ስኳር በሽተኛ አለ፤ በወር አበባዋ ላይ ያለች እህት አለች። ከሁሉም በላይ ራሱ መንገደኛው ሙስሊም አለ፤ ቁርኣን በበቀራ ምዕራፍ በሽተኛና መንገደኛ በሌላ ቀን እንዲያካክሱ ፈቅዶላቸዋል። ከነቢዩ ጋር በረመዳን የተጓዙ ሶሐቦች ጾመኛው ያልጾመውን፣ ያልጾመውም ጾመኛውን እንደማይነቅፍ ከአነስ (ረ.ዐ) ተላልፎልናል። ታዲያ እኛ ከየት አምጥተን ነው በቀን ውሃ የጠጣን ሹፌር በጎን የምናየው? አርባ ቶን ጭኖ፣ ሌሊት ሳይተኛ፣ በዚያ ሙቀት የሚነዳ ሰው የተሰጠውን ፈቃድ ቢጠቀም የሚያፍርበት ነገር የለውም። እኛን የሚያሳፍረን ይህ ሹፌር ቀኑን ሙሉ የሚበላው አጥቶ፣ ወይም ሰው እንዳያየው ብሎ በጋቢናው ውስጥ ተደብቆ ደረቅ ብስኩት ሲቆረጥም ማየት ነው።

ስለዚህ በሚሠራው ማረፊያ ውስጥ መጋረጃ የተጋረደበት፣ ቀን ቀን ለባለ ዑዝርና ለሌላ እምነት ተከታይ የሚያስተናግድ አንድ ክፍል ይኑር እንላለን። ምግቡን የሚያበስለው ጾመኛ ቢሆን ጾሙ አይጎድልም። ይህን ሐሳብ ያነሳንላቸው አንድ የድሬዳዋ ሸኽ ፈገግ ብለው "መጋረጃው ወፍራም ይሁን እንጂ" አሉን። የእኛም አስተያየት እሱው ነው።

በዚህ መስመር ስትጓዙ ሰዓቱንም ልብ በሉ። አዲጋላ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ ትገኛለች። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመሄድ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ አዲጋላ ላይ መግሪብ ከአዲስ አበባ 14 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ሱሁርም እንዲሁ ቀድሞ ይዘጋል፤ ይህኛው ነው የሚያሰጋው። የአዲስ አበባን የረመዳን ሰሌዳ በኪሳችሁ ይዛችሁ አዲጋላ ላይ ሱሁር የምትበሉ ከሆነ ፈጅር ወጥቶባችሁ ልትበሉ ትችላላችሁ። ከድሬዳዋ ወይም ከጅግጅጋ ወደ አዲስ አበባ ወደ ማታ የምትበሩ ደግሞ ፀሐይዋን እየተከተላችሁ ነውና መሬት ላይ መግሪብ ብሎ የነበረው ሰማይ ላይ ገና ሊሆን ይችላል። ዑለማዎች የሚሉት መንገደኛው ባለበት ቦታ ፀሐይዋ ከዓይኑ ስትጠልቅ ያፈጥራል ነው፤ በመስኮቱ እያያት አያፈጥርም። በዓለም አቀፍ በረራ ፈሳሽ በፍተሻ ላይ እንደሚወሰድባችሁ ታውቃላችሁ። ቴምር ግን አይወሰድም። ጥቂት ቴምርና ባዶ ጠርሙስ ይዞ መግባት፣ ውሃውን ከውስጥ መቅዳት፣ ያንን የማተሚያ ስህተት የሚመስል ዋጋ ያድናል።

ከመንገድ ዳር ስታፈጥሩ ደግሞ ፌስታሉንና ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። የዚያ አገር ሰው ሀብቱ ግመልና ፍየል ነው፤ ፌስታል የዋጠች ግመል ትሞታለች። ወተቱን ጠጥቶ ወተት ሰጪዋን መግደል ይሆናል። ዋጋ ስትጠይቁም እንደ ቀፊራ ገበያ አትከራከሩ። በከተማ ካፌ ለአንድ ማኪያቶ ሳትከራከሩ የምትከፍሉትን አስታውሱ።

የባቡሩና የክፍያ መንገዱ አስተዳዳሪዎች፣ የሲቲ ዞንና የወረዳው ኃላፊዎች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ፣ የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ስብሰባ የሚጠይቅ አይመስለንም። በመጪዎቹ የረመዳን ቀናት አንድ የውሃ ቦቴ ከ11 ሰዓት እስከ ኢሻ አዲጋላ ላይ ይቁም። አንድ መብራት ይሰቀል። የአውቶቡስና የሚኒባስ ማኅበራት ደግሞ ለሹፌሮቻቸው "መግሪብ ከመድረሱ በፊት ቁሙ፣ ዘግይታችሁ ድረሱ" የሚል ትእዛዝ ይስጡ፤ ተሳፋሪው እንደማይቆጣ እኛ ዋስ ነን። የቀረው ሜዳ፣ ጥላውና የወተት ቤቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

እኛ በዚህ ሳምንት እንደገና ወደዚያ እንወርዳለን። ከድሬዳዋ የምንነሳው በ10 ሰዓት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለን፣ ሹፌሩ እንዳይቸኩል። ሁለት ጀሪካን ውሃ ለውዱእ፣ አንድ ኪሎ ሙሽበክና በባትሪ የሚሠራ መብራት ጭነናል። መብራቱ ለእኚያ እናት ነው፤ ካገኘናቸው።